የፓሻ ብብት

አባቴ ድመታችንን ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤታችን፣ አስገብቶ ያጠበ ዕለት ጩኸቱን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ላጋንን ብዬ አይደለም። ባሕሩ ገና በረዶ ነበርና ድምፅ በላዩ ላይ እንደ ልቡ ይሄዳል፤ በማግስቱ ከማዶ ያሉት ዓሣ አጥማጆች ሳይቀሩ «ቬይኮ፣ ትናንት ማንን ነው ያረድከው?» ብለው አባቴን ጠይቀውታል።

ድመቱ ፓሻ ይባላል። የእናቴ ወንድም ኦኒ መርከብ ላይ ወጥ ቤት ነበር፤ በዚያ ዓመት በረዶው ከመግባቱ በፊት ከአንድ የቱርክ ወደብ ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ አመጣልን። ሲመጣ እፍኝ የማይሞላ ግልገል ነበር። ብርዱ ሳይወጣ አደገና፣ ምን ልበላችሁ፣ አንድ ትልቅ ነጭ የሐር ትራስ አከለ። የኛ አገር ድመት ራሱን ልሶ ራሱን ያስተዳድራል። ፓሻ ግን ጌታ ነው። ፊቱንና መዳፉን ይልስና የቀረውን ለሠራተኛ ይተወዋል፤ ሠራተኛዋ ማበጠሪያ ይዛ ስትመጣ ደግሞ ይነክሳታል። ሠራተኛዋ እናቴ ነበረች።

ፀጉሩ መጀመሪያ ከጆሮው ኋላ ተቋጠረ፣ ከዚያ ሆዱ ላይ፣ ከዚያ በሁለቱም ብብቱ ስር። እናቴ ኢርያ ትዕግሥተኛ ሴት ናት። ጭኗ ላይ አስተኝታ እያባበለች አንድ ሁለቴ ማበጠሪያውን ታሳልፍበታለች። ወዲያው ጭራው መገረፍ ይጀምራል፣ ጆሮው ይተኛል፣ ቀጥሎ ጥፍር ነው። ማበጠሪያው መሳቢያ ውስጥ ሲንኳኳ ከሰማማ ሶፋው ስር ገብቶ እራት እስኪቀርብ አይወጣም።

አባቴ ደግሞ ሙቀትና ሳሙና የማይፈታው ነገር አለ ብሎ አያምንም። ጉንፋን ቢይዘው ሳውና፣ ወገቡን ቢያመው ሳውና፣ ከሚስቱ ቢኳረፍ ሳውና። እሱ ራሱ ሳውና ውስጥ ነው የተወለደው፤ ያኔ የብዙ ሰው እናት እዚያ ነበር የምትወልደው። ስለዚህ አንድ ቀን እናቴ ክንዷን ስታሽ አይቶ «ምን ታሰቃዪዋለሽ?» አላት። «ቅዳሜ እኛ ታጥበን ስንወጣ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ይግባ። በጥድ ሬንጅ ሳሙናው እሽት፣ ለቅለቅ፣ አለቀ።»

«ድመት እኮ ነው፣ ቬይኮ።»

«እና? ድመት አይቆሽሽም?»

እኛ ዘንድ ሳውና ውስጥ አይጮህም። አይሰደብም፣ አይሮጥም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደምትሆነው ነው የምትሆነው። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። የዚያን ቀን ግን ፓሻ የመጀመሪያውን ጣሳ ውሃ በዝምታ ተቀበለና፣ ፀጉሩ ሰውነቱ ላይ ሲጣበቅ ግማሽ ግዝፈቱን አጥቶ አይጥ አክሎ ቁጭ አለና፣ አባቴ ሳሙናውን ይዞ ብብቱ ስር ማሸት ሲጀምር ፈነዳ። ግድግዳውን ሽቅብ ወጣ። ከላይኛው መደብ ወደ አባቴ ራቁት ትከሻ ዘለለ። አባቴ ዕድሜ ልኬን ከአፉ ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ተናገረ። እናቴ በሁለት እጇ ያዘችው፣ እሱም ክንዷን ከክርኗ እስከ አንጓዋ በጥፍሩ ተለተላት። እኔ ታችኛው መደብ ላይ ተቀምጬ «አባዬ ተሳደበ! አባዬ ሳውና ውስጥ ተሳደበ!» እያልኩ እጮሃለሁ። እናቴ ደሟ ሳንቃው ላይ እየተንጠባጠበ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ክንዷን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረችና ነገሩ በዚያ አለቀ። ያለቀ መሰለን።

ፓሻ ምድጃው አጠገብ ሲደርቅ፣ ቋጠሮዎቹ ድንጋይ ሆነው አደሩ። ለስላሳ የነበሩት ሳይቀሩ ጠጠሩ። እሑድ እሑድ የምትመጣው አክስቴ ኤልቪ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ኮቷን ሳታወልቅ አንስታ ዳበሰችው። ኤልቪ አላገባችም፤ ዕድሜዋን የፈጀችው የሱፍ ቦት ጫማ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ለበረዶ ወራት የምናደርጋት፣ ከተጠቀጠቀ የበግ ፀጉር የምትሠራ፣ ስፌት የሌላት፣ ድፍን ወፍራም ጫማ።

«ቬይኮ» አለች።

«አቤት።»

«በሙቅ ውሃ?»

«ለብ ያለ ነው።»

«በሳሙና?»

«ታዲያ በምን?»

«እያሸህ?»

«ሳላሸው እንዴት ይጠራል?»

«ወይ ወንድሜ! እኔ ዕድሜ ልኬን ስሠራ የኖርኩት ምን ይመስልሃል? ፀጉር፣ ሙቅ ውሃ፣ ሳሙና፣ እሽት። አንተ እኮ ድመት አላጠብክም፤ ጫማ ነው የሠራኸው። በል እንግዲህ ሌላኛውንም እግር ሥራና ገበያ ይዘን እንውጣ።»

እናቴ ሳቀች። አባቴ እስከ ጆሮው ቀላና መቀሱን አነሳ። ኤልቪ እጁን ያዘችው። «ተው! ይህን አታድርግ። የድመት ቆዳ እንደ ስስ ጨርቅ ነው፤ ቋጠሮው ወደ ላይ ይስበውና አብሮት ይቆማል። ፀጉር የቆረጥክ ሲመስልህ ቆዳ ትቆርጣለህ። በጣት ነው የሚወጣው። በደረቁ።» ከዚያ ከቁም ሳጥኑ የድንች ዱቄት አወረደችና አሳየችን። ቋጠሮው ላይ ዱቄቱን ነስነስ ታደርጋለህ፣ በአንድ እጅ ፀጉሩን ከሥሩ ትይዛለህ፣ መጎተቱ ቆዳውን እንዳይሰማው። በሌላው እጅ ከጫፍ ጀምረህ ጥቂት ጥቂት ፀጉር ትለያለህ። ጭራው ሳይገረፍ በፊት ታቆማለህ፤ ተገርፎ ካቆምክማ እሱ አሸነፈ ማለት ነው፣ ነገ አይመጣልህም።

እናቴ በዚህ መንገድ ከጆሮውና ከሆዱ አካባቢ ያሉትን ቀስ በቀስ አወጣች። ብብቱ ስር ያሉት ግን እምቢ አሉ። ጣት ወደዚያ ሲሄድ ፓሻ ከእንቅልፉ ይነቃል። ደግሞ የሚገርመው ነገር፣ ቀን እንዲህ ሲጣላት ይውልና ሌሊት የሚተኛው እሷው ብብት ስር ነው። ጭንቅላቱን ክንዷ ስር ሰክቶ ያንኮራፋል። አባቴ ከአልጋው ጠርዝ ሆኖ «እኔ ቤት ውስጥ ተከራይ ነኝ» ይላል።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር እናቴ ቋጠሮ ማውጣቱን ተወችው። «ደከመኝ» ነው ያለችኝ። አንድ ቀን ጠዋት የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ አየኋት፤ መስታወቱ ፊት ቆማ አንድ ክንዷን ሽቅብ አንስታ በሌላው እጇ ብብቷን ትዳብሳለች። ፓሻን እንደምትዳብሰው ነበር የምትዳብሰው፣ በጣቶቿ ጫፍ፣ ቀስ ብላ። ስታየኝ ክንዷን አወረደችና ስለ ትምህርት ቤት ጠየቀችኝ።

ኤልቪ ከእሑድ ውጪ በአዘቦት ቀን መጣች። እኔ መተላለፊያው ላይ የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነበር። ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ክር ማሰር ጊዜ ይፈጅብኛል። እነሱ ወጥ ቤት ናቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ኤልቪ።

«እንጃ። ሰንበትበት ብሏል። ጠንካራ ነው፣ የርግብ እንቁላል ያህላል።»

«ያምሻል?»

«ሲነኩት። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ያተኩሰኛል።»

«ለቬይኮ ነግረሽዋል?»

«ነግሬዋለሁ። ወጥቶ እንጨት ሲፈልጥ ዋለ።»

ሲኒ ሲቀመጥ ሰማሁ። ከዚያ እናቴ እንዲህ አለች፦ «እናቴንም እዚሁ ጋ ነው የጀመራት፣ ኤልቪ። በኔ ዕድሜ።»

«አፍሽን ያዢ! አንቺ እናትሽ አይደለሽም።»

«ሐሙስ ሄልሲንኪ ሐኪም ቤት ቀጥረውኛል። ቆርጠው አውጥተው ያዩታል። ለታይና ምንም እንዳትነግሪያት።»

ታይና እኔ ነኝ። የሰማሁትን ቃል በቃል ሰምቻለሁ፤ አንድም አላመለጠኝ። የጎደለውን ግን ከራሴ ሞላሁበት። እናቴ ብብቷ ስር እብጠት አለባት። ፓሻ ብብቱ ስር ቋጠሮ አለበት። ፓሻ ሌሊቱን ሙሉ እናቴ ብብት ስር ነው የሚተኛው። ባለፈው መስከረም የክፍላችን ልጆች ኮፍያ ተዋውሰን ቅማል እንዴት ከአንዱ ወደ አንዱ እንደሄደ አይቻለሁ። ታዲያ ምን የማይገባ ነገር አለው? ከፓሻ ተጋብቶባት ነው።

ዛሬ እኔ ያኔ እናቴ ከነበረችበት ዕድሜ አልፌ ሄጃለሁ። ያቺን «በኔ ዕድሜ» የምትል ነገር ትርጉሟን ያወቅኩት እኔም እዚያው ዕድሜ ላይ ደርሼ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁ ጊዜ ነው። አያቴን የማውቃት በፎቶ ብቻ ነው፤ እናቴ እሷን ስትቀብር ገና ልጃገረድ ነበረች። ያኔ ግን እኔ በልጅ ጭንቅላቴ ስለ ሞት አንድም አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ መቀስ ነው። ኤልቪ ራሷ እኮ ተናግራለች፤ ቋጠሮ በመቀስ አይነካም፣ ቆዳ ይቆረጣል። እነዚያ የሄልሲንኪ ሰዎች ደግሞ ሊቆርጡ ነው። እናቴን ሊቆርጧት!

ለማንም መናገር አልችልም። ከፓሻ እንደመጣ ከታወቀ አለቀለታ። የጎረቤታችን የኤይኖ ውሻ ቆዳው በታመመ ጊዜ፣ ኤይኖ ጠመንጃውን ይዞ አብረው ጫካ ገቡ፤ ተመልሶ የመጣው ኤይኖ ብቻ ነው። አባቴ ደግሞ በእነዚያ ቀናት ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ፓሻን ትክ ብሎ ያየዋል። እኔ እየፈረደበት ነው ብዬ ደመደምኩ። አሁን ሳስበው አባቴ ያኔ ፓሻን አይደለም፣ ከፊቱ ያለውን ግድግዳም አያይም ነበር።

እንግዲህ መፍትሔው አንድ ነው። የፓሻን ቋጠሮዎች እኔ አወጣለሁ። የሱ ሲወጣ የሷም ይፈታል። ከዚያ ማንም አይቆረጥም፣ ማንም ጫካ አይወሰድም።

ሐሙስ ደረሰ። እኔ ግን ገና አንዱንም አላወጣሁም፤ እጄ ብቻ ጭረት በጭረት ሆኗል። አባቴ ለቀብር የሚለብሰውን ሱፍ ለብሶ ወጣ። እናቴ ከበሩ ላይ ጎንበስ ብላ አቀፈችኝ፤ አቅፋኝ ቆየች፤ አውቶቡሱ ሊያመልጣት ነው ብዬ ጨነቀኝ።

«እማዬ፣ ሳትመጪ እጨርሰዋለሁ» አልኳት ጆሮዋ ስር።

«ምኑን ነው የምትጨርሺው?»

«ምስጢር ነው።»

«እሺ የኔ ቆንጆ» አለችና ፊቷን ወደ አባቴ ኮት አዞረች።

ልትጠብቀኝ የቀረችው ኤልቪ ሐሙስ ሐሙስ የምንበላውን የአተር ሾርባ አሞቃ ስትጠራኝ ከጠረጴዛው ስር ነበርኩ። ፓሻን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ላዩ ላይ ተቀምጬበት ማለት ይቻላል፣ ግማሽ ካርቶን የድንች ዱቄት ደፍቼበታለሁ። እሱም እኔም ወለሉም ነጭ ሆነናል። እጄ ይደማል። እሱ እንደ እባብ ይተነፍሳል። ኤልቪ የጠረጴዛውን ልብስ ገልጣ አየችን።

«ምን ጉድ ነው ይሄ! ዳቦ ልትጋግሪው ነው?»

«ቋጠሮውን ላወጣ ነው! ዛሬ መውጣት አለበት!»

«ዛሬ ማን አለሽ? ቋጠሮው ነው የነገረሽ?»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ከንዴት ነው። ኤልቪ ጉልበቷ እየተንጣጣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ፎጣውን ፈታችና ፓሻን ለቀቀችው። «ይሂድ፤ አሁን ጠላት ነን። ሾርባሽን ጠጪ፣ ሙቀት ቦታ ሄዶ ይተኛል፣ ከዚያ አብረን እንሞክራለን። ታስሮ የተያዘ ድመት ሙሉ ገላው ቡጢ ነው። ተኝቶ ሲቀልጥልሽ ነው ሥራ።»

እንዳለችውም ምድጃው ጎን ያለው መደብ ላይ ቀለጠ። ኤልቪ ሆዱን ሳይሆን አገጩን ነው የምታከው፤ እኔ በሌላ ወገን ሥሩን ይዤ ጥቂት ጥቂት እለያለሁ። ጣቶቿ ወፍራም ናቸው፣ ጥፍሮቿ እስከ ሥጋው የተቆረጡ። እኔ ስቸኩል እጄ ላይ እጇን ትጭናለች። «ጎትተሽ አይወጣም። የራሱ አካል መስሎታል እኮ፣ ለምን ይለቅልሻል? እስኪረሳው ጠብቂው።»

ያን ቀን አንዱ ጎን ላላ። በማግስቱ የቀኙ ብብት ሙሉ በሙሉ ወጣ፤ ኤልቪ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ፣ ልክ እንደ ጫማ ሶል ቁራጭ ጠንካራ ነው። ከስሩ የታየው ቆዳ ቀይ ነበር፣ ግን አልተቆረጠም። ደስታዬን መሸከም አልቻልኩም።

«ኤልቪ፣ ይሄ ሲድን እማዬም ትድናለች አይደል?»

እጇ ቆመ። ፓሻ አገጩን ማከኩ ስለቀረበት ዓይኑን ገልጦ አያት። ኤልቪ ዞራ ረዘም ላለ ጊዜ ወደ መስኮቱ አየች፤ እኔ ሰው የመጣ መስሎኝ አንገቴን አሰገግኩ። «እስቲ መጀመሪያ ይሄን እንጨርስ» አለች በመጨረሻ።

የሥራውን ምስጢር እንደ አዋቂ ልትነግረኝ ያልፈለገች መስሎኝ ነበር። እየሞተች ካለች እናት ልጅ ጋር ተቀምጫለሁ ብላ አስባ፣ ድምፅዋ እንዳይሰበር ጥርሷን ነክሳ እንደነበር የነገረችኝ፣ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። «ያ ድመት ባይኖር እጄን የት አደርገው ነበር?» አለችኝ ያኔ።

እናቴን አላሰናበቷትም። ቆርጠው ያወጡት ነገር እስኪታይ ቅዳሜና እሑድ መጣና መሀል ገባ። አባቴ የአጎቱ ልጅ ቤት አርፎ በየማታው ይደውላል፤ ኤልቪ «እሺ... እሺ... በርታ» ብላ ትዘጋለች። ቅዳሜ ሳውና አላሞቅንም። እንዲህ ያለ ቅዳሜ ቤታችን አይቶ አያውቅም፤ ገላችንን ከሳፋ ታጠብን። እኔ ግን ለዚያ ጊዜ የለኝም። የግራው ብብት ቀርቶኛል፣ ትልቁ፣ ክፉው።

ስልኩ የጮኸው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔና ኤልቪ ፓሻን መሀላችን አድርገን መደቡ ላይ ነን። የግራው ቋጠሮ ከቆዳው ግማሽ ለቆ ተንጠልጥሏል። ኤልቪ ብድግ ስትል ቀሚሷን ያዝኩ።

«አታንሺው!»

«ልቀቂኝ፣ አባትሽ ነው።»

«ገና ነው! አንዱ ቀርቷል! ትንሽ ይጠብቁ በያቸው፣ ዛሬ ይወጣል! ኤልቪ፣ በናትሽ አታንሺው!»

እግሯ ላይ ተጠምጥሜ እስከ መተላለፊያው ጎተተችኝ። ስልኩን አነሳች።

«ሃሎ። አቤት ቬይኮ። ተናገር እንጂ፣ ምነው ትንፋሽ አጠረህ?» ቆመች። «ምን? ድመት? አዎ አለ እንጂ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ማን ነው የጠየቀህ? ሐኪሙ?» ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። «ከድመቱ? ከድመቱ ነው?! እርግጠኛ ናቸው? እንደገና በለኝ ቬይኮ፣ ከድመቱ ነው?»

የቀረውን አልሰማሁም። ታወቀ! ሄልሲንኪ ድረስ ታወቀ። ፓሻን ከነተንጠለጠለው ቋጠሮ አፈፍ አድርጌ በካልሲዬ ወጣሁ፣ የቀለጠውን በረዶ እየረገጥኩ ወደ ሳውናው ሮጥኩ፣ ታችኛው መደብ ስር ገባሁ። ቀዝቃዛ ነበር፣ ይጨልማል፣ የሬንጅ ሳሙና ይሸታል። ፓሻ ይህን ቤት አይወደውም፤ ደረቴ ላይ ጥፍሩን ተከለ። አልለቀቅኩትም።

ኤልቪ እያለከለከች ገባችና ተንበረከከች።

«ውጪ ከዚያ።»

«አልሰጥም!»

«ማንን?»

«ፓሻን! ከሱ ነው ስትዪ ሰምቻለሁ። አባዬ ጫካ ሊወስደው ነው፣ እንደ ኤይኖ ውሻ።»

አክስቴ አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ መደቡ ስር እስከ ትከሻዋ ገባች፤ ያን የሚያክል ሰውነት እንዴት እንደገባ አላውቅም። «ስሚኝ፣ አንቺ ሞኝ። ከመጀመሪያውም ታውቂ ነበር ማለት ነው? እናትሽ ያ ክፉው በሽታ የለባትም። ንፍፊት ነው። ሲቧጭራት ከጥፍሩ የሆነ ነገር ገብቶባት፣ ብብቷ ስር ያለው ዕጢ እሱን ሲታገል አበጠ። በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ገባሽ? በራሱ!»

«ከፓሻ ነው ግን።»

«ከፓሻ ነው! ተመስገን፣ ከፓሻ ነው!»

ሰው በዚህ ለምን እንደሚደሰት አልገባኝም። ኤልቪ ማንንም አቅፋ የማታውቅ ሴት፣ እኔንና ድመቱን በአንድ ላይ ጨብጣ ደረቷ ላይ ለጠፈችን። ፓሻ መሀል ሆኖ ታፈነ፣ ተፍጨረጨረ፣ በመጨረሻ ሾልኮ ወጣ። ቋጠሮው እጄ ውስጥ ቀረ። እሱ መውጣቱን እንኳ አላወቀም፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ መዳፉን መላስ ጀመረ።

ለብዙ ዓመታት ነገሩን እኔ እንደጨረስኩት አምኜ ኖርኩ። እርግጥ ስልኩ ትንሽ ቀድሞኛል። ታሪኩን ሙሉ በሙሉ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ጭረቱ ድኖ ስለነበር ማንም አላስታወሰውም፤ እናቴም ስለ ራሷ እናት እንጂ ስለ ድመት አልተናገረችም። ከእብጠቱ የተወሰደውን ያየው ሐኪም ወጣት ነበር አሉ፤ ካየ በኋላ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠውን አባቴን አግኝቶ «ይቅርታ፣ ቤታችሁ ድመት አለ?» አለው። አባቴ የሚያሾፍበት መስሎት ተነስቶ ኮሌታውን ሊይዘው ነበር። «ሚስቴ እየሞተች ስለ ድመት ታወራኛለህ?» ብሎ ጮኸበት፣ ያ ሳውና ውስጥ አይጮህም ያለኝ ሰውዬ።

በአውቶቡስ መጡ። እናቴ ክንዷን በሻሽ አንጠልጥላ፣ ገርጥታ፣ እየሳቀች ገባች። ብብቷን አሳየችኝ፤ ፋሻ ብቻ ነው የሚታየው። አፍንጫዬን ጠጋ አድርጌ አየሁና «ቆርጠውሻል አይደል?» አልኳት። «ትንሽ» አለችኝ፣ ፀጉሬን ሳመችኝ። አባቴ ግን ሰላም አላለኝም። የቀብር ሱፉን እንደለበሰ፣ ክራቫቱ ኪሱ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ በሩ ላይ ቆመና «ድመቱ የት አለ?» አለ።

ፓሻ ራሱ፣ ሞኙ፣ ከሶፋው ስር ወጥቶ መጣ። አባቴ አነሳው። ወደ ውጭ ይዞት ወጣና በሩን ከኋላው ዘጋ።

«እማዬ! ሊገድለው ነው!»

«የምን መግደል? ተይው፣ ታይና—»

በሯን ከፈትኳት። አባቴ ደረጃው ላይ ተቀምጧል፣ ፓሻ ጉልበቱ ላይ ነው። ፊቱን የድመቱ ጎን ላይ፣ ፀጉሩ ሳስቶ ቆዳው የሚታይበት ቦታ ላይ ቀብሮታል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አባቴን ሲያለቅስ አይቼው ስለማላውቅ ምን እያደረገው እንደሆነ አልገባኝም፤ እየነከሰው መሰለኝ። ፓሻ ትንሽ ታገሰ። ከዚያ ጭራው ተገረፈና አፍንጫውን ቦጨቀው።

አባቴ ቀና አለ። ደም ጠብ ይላል። «ቧጭር» አለው። «ቧጭረኝ የኔ ጌታ፣ እንደፈለግክ ቧጭረኝ።»

እናቴ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። «ኧረ ቬይኮ፣ ተነስና ፊትህን ታጠብ! አንተንም ደግሞ ሐኪም ቤት ላመላልስህ ነው?»

አባቴ ዞሮ አያት፤ ሻሿን፣ መገርጣቷን፣ በሩ መሀል መቆሟን። እንባውንም ደሙንም አልጠረገም።

«አመላልሺኝ» አላት። «አንቺ ብቻ ኑሪልኝ እንጂ፣ ዕድሜ ልክሽን አመላልሺኝ።»